በሕግ ስለ መሮጥ፦ ለጉለሌ ወጣት ሯጮችና ለአሠልጣኞቻቸው የተጻፈ ምክር



ሌሊቱ ገና ሳይነጋ ከጉለሌና ከሽሮ ሜዳ መንደሮች ወጥተው ወደ እንጦጦ ዳገት የሚሮጡትን ልጆች ያላየ የሰፈራችን ሰው የለም። አንዳንዱ የራሱ ጫማ አለው፤ አንዳንዱም የወንድሙን አሮጌ ጫማ ተውሶ ይሮጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ እስትንፋሳቸው እንደ ጢስ ይታያል። በባሕር ዛፉ መካከል ወጥተው ከወረዱ በኋላ ፊታቸውን ታጥበው፥ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የትምህርት ቤታቸውን ስም በደረታቸው ላይ አድርገው ከሌሎች ተማሪዎች ጋር የሚወዳደሩበትን ቀን በናፍቆት ይጠባበቃሉ። ስለ እነዚህ ልጆች፥ ስለሚቀበሉትም ሽልማት፥ ከሽልማቱም አጠገብ ተሸሽጎ ስለሚቆመው ፈተና ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

አንደኛ፤ ሽልማት መልካም ነገር ስለ መሆኑ።

ሽልማትን መውደድ ራሱ ኀጢአት ነው የሚል ሰው ቢኖር ከእርሱ ጋር አንስማማም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ9ኛው ምዕራፍ ሩጫን ምሳሌ አድርጎ ሲያስተምር እናገኘዋለን። ይህንንም ምሳሌ ያለ ምክንያት አልመረጠም። በቆሮንቶስ ከተማ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የጨዋታ በዓል ይደረግ ነበርና፥ ከግሪክ አገር ሁሉ ሯጮችና ታጋዮች ይሰበሰቡበት ነበር። ለአሸናፊው በስፍራው የሚሰጠው ሽልማት ከጥድ ቅርንጫፍ የተጎነጎነ አክሊል ነበረ፤ በሌላም ዘመን ከሌላ ቅጠል ይሠራ ነበር። ሐዋርያው ይህን አክሊል አልናቀውም፤ ሯጩንም ስለ ድካሙ አልዘለፈውም። ይልቁንም ሯጩ ስለሚጠወልግ ቅጠል ይህን ያህል ራሱን የሚገዛ ከሆነ፥ እኛ ስለማይጠወልገው እንዴት ልንተጋ ይገባናል ሲል አስተማረበት።

በአሜሪካ አገርም እንዲህ ያለ ልማድ አለ። በትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን ውስጥ ተሰልፎ ለተወዳደረ ተማሪ የትምህርት ቤቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ከጨርቅ ተሠርቶ ይሰጠዋል፤ እርሱም በሹራቡ ወይም በጃኬቱ ላይ ሰፍቶ ይለብሰዋል። የልማዱ መጀመሪያ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ተጫዋቾች በ1865 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንዲት ፊደል በልብሳቸው ላይ ማሰፋታቸው ነው ይባላል። በእኛ አገር ግን ልማዱ ሌላ ነው። ለተማሪው ሜዳልያ በአንገቱ ይደረግለታል፥ ለትምህርት ቤቱ ዋንጫ ይሰጠዋል፥ በሰንደቅ ዓላማው ሥር ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ ሳለ ስሙ ይጠራል፥ ይጨበጨብለታልም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በአሜሪካው ተማሪ ደረት ላይ ያለችው ፊደል የራሱ ስም ፊደል አይደለችም፤ የትምህርት ቤቱ ናት። የእኛም ሯጭ በደረቱ የሚይዘው ስም የአባቱ ስም አይደለም። ስለዚህ በእውነት ቢሮጥ ክብሩ የሁሉ ነው፤ በሐሰትም ቢሮጥ ውሸቱን በሁሉ ስም ይዋሻል። ሽልማት መልካም ነው የምንለው ስለዚህ ነው፤ ሰው ለብቻው እንዳልሆነ ያስታውሰዋልና።

ሁለተኛ፤ ሰው ስለማያየው ድካም።

የአንድ ቡድን የሩጫ ዓመት ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ እንመልከት። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት አሠልጣኙ መሮጥ የሚወዱትን ይሰበስባል፤ ብዙ ልጆችም ይመጣሉ። በጥቅምትና በኅዳር ቀስ እያሉ ረጅም መንገድ መሮጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚያጨበጭብ የለም፥ የሚሸለምም የለም። ብርዱ ሲጠና ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ ይቀራሉ። አንዱ እንቅልፍ ያሸንፈዋል፥ ሌላው እግሩን ያመዋል፥ ሌላይቱን ደግሞ እናቷ ውኃ እንድትቀዳ ታስቀራታለች። ከጥምቀት በኋላ ፈጣኑ ልምምድ ይመጣል፤ ዳገት መውጣት፥ በሰዓት እየተለኩ መሮጥ፥ ዱላ መቀባበል። የውድድሩ ቀን ሲደርስ በመስከረም ከመጡት የሚቆሙት ጥቂቶች ናቸው። ሕዝቡ የሚያየው ያቺን አንዲት ቀን ብቻ ነው፤ ሽልማቱ የተገኘው ግን ሕዝቡ ባላየው ማለዳ ነው።

የእንጦጦ ተራራ ራሱ ይህን ያስተምረናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነትም ይህን ጉድለት ለመሙላት ኦክስጅንን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት እያበዛ ይሄዳል። ይህ በአንድ ማለዳ አይፈጸምም፤ ሳምንታትን ይፈልጋል። ሯጩ ራሱ እንኳ በየትኛው ቀን እንደ በረታ ሊናገር አይችልም፤ ባለፈው ወር ያቆመው ዳገት ዛሬ ሳያቆመው ሲቀር ብቻ ያውቀዋል።

የነፍስም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው በአንድ ቀን እውነተኛ አይሆንም። ማንም በማያይበት ስፍራ ትንሿን እውነት የመረጠ ልጅ፥ ታላቁ ፈተና በመጣ ጊዜ የሚቆምበትን ኀይል ሳያውቀው ሲያከማች ይኖራል። አሠልጣኙ ዘወር ሲል ከታዘዘው አሥር ዙር ዘጠኙን ሮጦ አሥር ሮጥሁ የሚል ልጅም ድካምን ይለማመዳል፤ ከድካሙ ይልቅ ግን ሐሰትን ይለማመዳል። የቀረው አንድ ዙር ትንሽ ነው፤ የተማረው ነገር ግን ትንሽ አይደለም።

ሦስተኛ፤ በሕግ ስለ መሮጥ።

ይኸው ሐዋርያ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ፥ የሚታገል ሰው እንደ ሥርዐቱ ካልታገለ አክሊል እንደማያገኝ ያስታውሰዋል። ሩጫን የሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ተኩሱ ሳይሰማ የተነሣ የአጭር ርቀት ሯጭ፥ ምንም ፈጣን ቢሆን፥ ከሜዳ ይወጣል። በዱላ ቅብብልም መቀባበያው ስፍራ በመስመር የተወሰነ ነው፤ ከመስመሩ ውጭ ዱላውን የተቀባበሉ ሯጮች አንደኛ ቢደርሱ እንኳ ከነቡድናቸው ይሰረዛሉ። አንዱ ሰው በሠራው ጥፋት አራቱም ያለቅሳሉ። ስለዚህ ሕግ ለሩጫ እንቅፋት አይደለም፤ ሩጫን ሩጫ የሚያደርገው ሕጉ ነው። ሕጉ ባይኖር በሜዳው ላይ የሚታየው ግርግር ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዛሬ የወጣቶቻችንን ሩጫ የሚያረክሰው ከመስመር መውጣት ወይም ከተኩሱ መቅደም አይደለም፤ ይህንስ ዳኛው ያየዋል። ዳኛው የማያየው ሌላ ሐሰት አለ፤ ይኸውም የዕድሜ ሐሰት ነው።

አንድ ምሳሌ እንናገር። በጉለሌ የሚኖር አንድ ተማሪ አለ እንበል። በልጅነቱ በገጠር ከብት ሲጠብቅ ስለ ቆየ ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ኋላም ወደ አክስቱ ቤት መጥቶ በከተማ ይማራል። አሁን ዕድሜው 19 ዓመት ነው። ውድድሩ ግን ከ18 ዓመት በታች ላሉት ነው። ዓመቱን ሁሉ ሳይሰለች ወደ እንጦጦ ወጥቶአል። በመጨረሻ ጊዜ አንድ ሰው ቀርቦ፥ “ሁለት ዓመት ቀንሰህ ብታስጽፍ ማን ያውቅብሃል? ይህን ሁሉም ያደርገዋል፤ አንተ ብቻ ጻድቅ ልትሆን ነውን?” ይለዋል። ልጁም ክፉ ልጅ አይደለም። አክስቱ ድኻ ናት፤ በሩጫ የበረታ ልጅ በደመወዝ ሊቀጠር እንደሚችል ሰምቶአል። እነሆ ብዕሩ በእጁ ነው፤ ምን ያድርግ?

እኛ ይህን ልጅ በቁጣ ልንናገረው አንወድም። በአገራችን የብዙ ሰው ልደት በወረቀት ሳይጻፍ ኖሮአል፤ በአገሪቱ ሁሉ የልደት ምዝገባ በሕግ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን በውነት የማያውቅ ሰው ቢኖር አይነቀፍም። ነገር ግን አለማወቅ ሌላ፥ እያወቁ መለወጥ ሌላ ነው። ወረቀት ባይኖርም የወለደችህ እናት ታውቃለች፤ በየትኛው ክረምት እንደ ወለደችህ፥ በጎረቤት ማን እንዳረሳት አትረሳም። የክርስትና አባትህም ያውቃል። ወረቀቱን መለወጥ ትችላለህ፤ የእናትህን ትዝታ ግን እንዴት ትለውጠዋለህ? ወይስ እናትህንም ካንተ ጋር ልታዋሻት ነውን?

ደግሞም በዚያ ሜዳ የሚበደለው ማን እንደሆነ ተመልከት። ለሚቀጥለው ውድድር የሚመረጡት ሦስት ናቸው እንበል። አንተ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ትሆናለህ። አራተኛ የወጣው ልጅ ግን 15 ዓመቱ ነው። እርሱም እንዳንተ በብርድ ተነሥቶአል፤ የእርሱም እናት ድኻ ናት፤ ምናልባትም ከእንጦጦ የማገዶ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ወርዳ በምትሸጠው ታሳድገዋለች። ልጁ ወደ ቤቱ ሄዶ፥ “እማዬ፥ አልቻልሁም፤ ለሩጫ አልተፈጠርሁም” ይላታል። ይህ ግን እውነት አይደለም፤ ችሎ ነበር፤ ስፍራው የእርሱ ነበረ። አንተ ሜዳልያ ብቻ የወሰድህበት ይመስልሃል። ስለ ራሱ እውነቱን እንዳያውቅም አድርገኸዋል። ከባለጠጋ የተሰረቀ ገንዘብ ይተካል፤ ከድኻ ልጅ የተሰረቀ ተስፋ ግን በምን ይተካል?

አንተም ራስህ አታርፍም። ዛሬ የጻፍኸው ሐሰት ነገ በመታወቂያህ ላይ፥ ከነገ ወዲያም በፓስፖርትህ ላይ ይከተልሃል። አብሮ አደግህን በመንገድ ስታገኝ ዕድሜህን እንዳያነሣ ትፈራለህ። ስትሸለም ሰው ያጨበጭባል፤ ልብህ ግን ጭብጨባውን ለሌላ ሰው የተሰጠ ያህል ይሰማዋል፤ ያ የተጨበጨበለት የ17 ዓመት ልጅ በዓለም የለምና። አባቶች እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት ይህን ዐይተው ነው።

አራተኛ፤ ዕድሜ ኀፍረት ስላለመሆኑ።

“ዕድሜዬ አልፎአል፤ ዛሬ ካልሆነልኝ ከእንግዲህ አይሆንልኝም” የምትል ከሆነ፥ የአገርህን ሯጮች ታሪክ ጠይቅ።

ማሞ ወልዴ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሰለፈችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ሮጦ ነበር፤ ሜዳልያ ግን አላገኘም። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶንን ወርቅ ሲቀበል ዕድሜው 36 ዓመት ነበረ። ከሜልበርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት ያህል ማለዳ ተነሥቶአል ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላም በሙኒክ በማራቶን ሦስተኛ ወጣ።

ምሩጽ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ በ5,000 ሜትር ግን የማጣሪያው ሰዓት አልፎበት ሳይሮጥ ቀረ። በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሎምፒክ በደረሰ ጊዜ ኢትዮጵያ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ምክንያት ከውድድሩ ስለ ወጣች እንደ ገና ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘመኔ አለፈ ብሎ በተቀመጠ ነበር። እርሱ ግን በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። ስለ ዕድሜው ብዙ ጊዜ ይጠየቅ ነበር፤ ነገር ግን በዐዋቂዎች ሜዳ ሯጭ የሚለካው በእግሩ እንጂ በልደቱ ዓመት አይደለም፤ ሁለቱን ወርቆቹንም ዕድሜው አልከለከለውም።

እንግዲህ የ19 ዓመት ልጅ ሆይ፥ የምታፍርበት ነገር ምንድር ነው? እውነተኛ ዕድሜህ የሚዘጋብህ የልጆቹን በር ብቻ ነው፤ የዐዋቂዎቹ በር ክፍት ነው። እዚያ በመጀመሪያ ጊዜ አሥረኛ ወይም ሃያኛ ትወጣ ይሆናል። ነገር ግን በእውነት የተገኘ ሃያኛነት መሬት አለው፤ ሰው በላዩ ቆሞ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። በሐሰት የተገኘ አንደኛነት ግን ከሥሩ ምንም የለውም።

አምስተኛ፤ የምድር አክሊል ስለ መጠውለጉ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ከአክሱም ተወስዶ የነበረው ሐውልት ገና በሮማ ቆሞ ነበር፤ እርሱም በዚያ ሐውልት አጠገብ አልፎ ሮጠ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከአንድ ወር ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፥ እንደ ገና አሸነፈ። ዓለም ሁሉ ስለ እግሮቹ ተናገረ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ግን በመኪና አደጋ ተጎድቶ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። ዓለም ያደነቃቸው እግሮች ከዚያ ወዲህ አልሮጡም።

ይህ ሰው ሽልማቱ በእግሮቹ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ሁሉ ነገር በተወሰደበት ነበር። ነገር ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወርን ተማረ፤ በእንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኞች በተደረገው ጨዋታም ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ከእርሱ የምንማረው ነገር ይህ ነው፤ ሜዳልያው በአንገት ይንጠለጠላል፥ እግሩም ይወሰዳል፤ በማለዳ የተሠራው ልብ ግን አደጋም ሊሰብረው አይችልም። እናንተም ስትሮጡ እግራችሁን ብቻ አታሠልጥኑ፤ እግር ሲቀር የሚቀረውን ሰውነታችሁን አሠልጥኑ።

ስድስተኛ፤ ስለ አሸናፊና ስለ ተሸናፊ አካሄድ።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ እርስዋ ናት። ከፍጻሜው መስመር በኋላ ግን ብቻዋን አልሄደችም። ሁለተኛ የወጣችውን የደቡብ አፍሪካ ነጭ ሯጭ ኤላና ማየርን ጠብቃ አቀፈቻት፤ ሁለቱም በአንድነት ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ ገና ከዘር መድልዎ ሕግ እየወጣች በነበረችበት በዚያ ዓመት፥ ያ መተቃቀፍ ከብዙ ስብከት ይልቅ ተናገረ። አሸናፊ የሆንህ ሁሉ ሆይ፥ መጀመሪያ ወደ ኋላህ ተመልከት፤ የሚከተልህን ሰው እጁን ያዝ።

ተሸናፊ የሆንህም ሆይ፥ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ የሆነውን አስብ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 10,000 ሜትር ሮጠው በመጨረሻ የለያያቸው ከአንዲት ሰከንድ መቶኛ ዘጠኝ ብቻ ነው። ሃያ አምስት ዙር ሮጦ በዐይን ጥቅሻ የተቀደመ ሰው ሰነፍ ነውን? አይደለም። የወርቁ ስፍራ አንድ ስለሆነ አንዱ ወሰደው፤ ድካሙ ግን የሁለቱም ነው። የእግዚአብሔር ሩጫ ከሰው ሩጫ የሚለይበት ይህ ነው። በሰው ሜዳ አንዱ ብቻ አክሊሉን ይቀበላል፤ በእግዚአብሔር ሜዳ ግን ጌታን በፍቅር ለሚጠባበቁት ሁሉ አክሊል ተዘጋጅቶአል። አክሊሉም የእግራችን ዋጋ አይደለም፤ የቸርነቱ ስጦታ ነው። በዚያ ሜዳ ወንድምህን ለመቅደም ወንድምህን መጣል አያስፈልግህም፤ ወድቆ ብታገኘውና ብታነሣው እንኳ ከሩጫህ አትጎድልም።

ሰባተኛ፤ ለአሠልጣኞች፥ ለወላጆችና ለጎረቤቶች።

አሠልጣኝ ሆይ፥ ልጁ ካንተ የሚማረው መሮጥን ብቻ አይደለም። ዕድሜውን ለመቀነስ ብታግዘው ዋንጫ ታገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን እንደ አባት ያመነህን ልጅ ሐሰትን በእጅህ አጉርሰኸዋል። “ዘንድሮ አንችልም፤ በሚመጣው ዓመት በእውነት እንመጣለን” ብለህ ባዶ እጅህን ብትመለስ ግን ከዋንጫ የሚበልጥ ትምህርት አስተማርህ።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሳይመረጥ ቢመለስ አታሳፍሩት። “የት ደረስህ?” ከማለት በፊት “እንዴት ሮጥህ?” በሉት። ሴት ልጅ ካለቻችሁም ወንድሟ ሲሮጥ እርስዋን ውኃና እንጨት ብቻ አታሸክሟት።

እኛ ጎረቤቶችና ምእመናንስ? ድኽነት ልጆችን ወደ ሐሰት የሚገፋ ከሆነ፥ በእውነት የሮጠውን ልጅ ርቦት ሳለ በምክር ብቻ ልናሰናብተው አይገባም። ያዕቆብ በመልእክቱ የተራበውን ሰው ጥገብ ብሎ ባዶውን የሚሰድ ምን ይጠቅመዋል ብሎ ይጠይቃልና። በየሰፈሩ ለአንድ ልጅ ጫማ የሚገዛ፥ ለአንዱም ቁርስ የሚያበላ ሰው ቢገኝ፥ የፈተናው ኀይል በብዙ ይቀንሳል። እውነትን ከልጁ የምንጠይቅ ከሆነ እንጀራውን ከእኛ ይጠይቅ።

ስምንተኛ፤ አስቀድሞ ለተሳሳተ።

ምናልባት ይህን ከሚያነቡት አንዱ፥ “ይህ ሁሉ አልፎብኛል፤ ሐሰቱን ጽፌአለሁ፥ ሜዳልያውንም ተቀብያለሁ” ይል ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፥ ስለ ዘኬዎስ የተጻፈውን በሉቃስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ አንብብ። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ዘኬዎስ ስላለፈው በማልቀስ ብቻ አልተወሰነም፤ የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቆመ። አንተም ሂድና ለአሠልጣኝህ እውነቱን ንገረው፤ ወረቀቱን አስተካክል፤ ሜዳልያውንም መልስ። ከሁሉ ይልቅ አራተኛ የወጣውን ያን ልጅ ፈልገህ፥ “ስፍራው ያንተ ነበረ፤ ለሩጫ ተፈጥረሃል” በለው። ይህን ለማድረግ ከእንጦጦ ዳገት የሚበልጥ ድፍረት ያስፈልጋል፤ እፍረቱም ጥቂት ቀን ይቆያል። ነገር ግን በዚያ ሌሊት የምትተኛው እንቅልፍ ከሽልማቱ ቀን ጀምሮ ያላገኘኸው እንቅልፍ ይሆናል። በሚመጣው ማለዳም ስትነሣ በእውነተኛ ስምህና በእውነተኛ ዕድሜህ ትሮጣለህ፤ ሐሰትን የጣለ ሰው ሸክሙ ይቀልለታልና።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ነገ ማለዳ ወደ ዳገቱ ስትወጡ የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ታገኛላችሁ። ማንም አላጨበጨበላቸውም፤ በአንገታቸውም ሜዳልያ የለም። መንገድ ልቀቁላቸው፥ ሰላምታም ስጡአቸው። ሰው የማያየውን ድካም የሚያይ አምላክ የእነርሱን ሩጫም ያያል፤ የእናንተንም በመስመሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ብዕር በያዛችሁ ጊዜ ያያል።

የሰማይና የምድር ጌታ እግዚአብሔር ሆይ፥ ማለዳ የሚነሡትን ልጆች ባርክ፤ እግራቸውን ከመሰናከል፥ አፋቸውን ከሐሰት ጠብቅ። ያሸነፈውን ትሕትና፥ የተሸነፈውን ተስፋ፥ የሳተውን መመለስ ስጠው። ለእኛም ለታላላቆች ልጆችህን በእውነት የምንረዳበትን ልብና እጅ ስጠን። አሜን።